መቶ ሃያ ኦም

የጎደሪች ሐይቅ ከላይ ነው፤ እኛ ከሥሩ ነን፣
አምስት መቶ ሜትር ቁልቁል፣ አሳንሰሩ አውርዶን።
የምንቆርጠው ጨው ለወጥ አይደለም፣ ለመንገድ ነው፤
የቶሮንቶን በረዶ ከአስፋልት የሚያላቅቀው።

ሦስት ኪሎ ሜትር ቀበቶ አለን፤ ዘጠኝ ሞተር ይጎትተዋል፤
ከዘጠኙ ጎን ለጎን አንድ ግራጫ ሽቦ ይሄዳል።
ሽቦው ውስጥ ወሬ ነው፤ ቀን የለ ሌት፣ አያባራ፤
አንዱ ሲያወራ ሌላው ዝም፤ ያውቃሉ የማን ነው ተራ።
«ሞቆኛል» ይላል ሦስተኛው፤ «ቀስ በል» ይለዋል ሰባት፤
መልሱ ደርሶ ተመልሷል፣ ዓይን ሳይከደን፣ በቅጽበት።

በጥቅምት አጋማሽ ግን፣ አንድ ሌሊት፣ ያለ ምክንያት፣
ቀበቶው ቆመ።
          አስነሣነው። ቆመ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ቆመ።

ጆስሊን ከመቆጣጠሪያው ክፍል በሬዲዮ ተጣራች፤
«ስድስተኛው ጠፋ» አለች፤ ዝም አለች፤ «መጣ» አለች፤
«አሁን ደግሞ አራተኛው። የተጣሉ ይመስላሉ» አለች።
ሞተር ቀየርን። ካርድ ቀየርን። ማያያዣውን ሁሉ ፈታን፤
ጨው በልቶት ይሆናል ብለን በአልኮልና በብሩሽ አጠብን።
ከዊንዘር ባለሙያ መጥቶ፣ ላፕቶፑን ከፍቶ አየና፣
«ሶፍትዌሩ ጤነኛ ነው» አለን፤ ደረሰኝ ቆረጠና፣
ሄደ።

በዚያው ሰሞን የምሳ ክፍሉም ጤና አልነበረውም፤
«ሊዘጋ ነው» አለ አንዱ፤ ማን እንዳለው አያውቅም።
ቃሉ እስከ ማይክሮዌቩ ሄዶ፣ ሰው ጨምሮ ተመለሰ፤
ጠዋት ሠላሳ የተባለው፣ ማታ ሰማንያ ደረሰ።

ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ማክታጋርት ጋ ነበር የሚያልቀው።
ጥግ ተቀምጦ ይሰማል፤ ሳንድዊቹን ያላምጣል፤
«እህ» ይላል። በቃ። ካንገቱ በታች ይቀራል።
እሱን አልፎ የሄደ ወሬ፣ ከሱ ተመልሶ የመጣ፣
በአሥራ አንድ ዓመቴ አላየሁም።
                    በመስከረም ጡረታ ወጣ።

ደወልኩለት። ቤይፊልድ ነው፤ ጀልባውን ለክረምት ሲሸፍን አገኘሁት።
ነገርኩት። ዝም አለ። ንፋሱን በስልኩ ሰማሁት።
«መጨረሻው ሳጥን ላይ» አለኝ፣ «ከሁለቱ ሽቦ መሐል፣
የገብስ ፍሬ የሚያህል ነገር አስሬ ነበር። አለ አይደል?»

አለ አላልኩም።
ባለፈው ወር ያን ሳጥን ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤
እግሯ የዛገ፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ለምንም የማትሆን መስላኝ፣
ቆርጬ ጣልኳት።
ንጹሑን ሳጥን ፎቶ አንስቼ፣ ለአለቃዬም ልኬያለሁ።

ማክታጋርት አልተቆጣም። «ስማ» አለኝ፣ «ቃል በሽቦ ሲሮጥ፣
መጨረሻው ላይ ተቀባይ ካጣ፣ የትም አይሰምጥ፤
ገደል ማሚቶ ሆኖ ይመለሳል፤ ከሚመጣው ጋር ይላተማል፤
ሁለቱም ይሰበራሉ፤ ሰሚው የቱን ይይዛል?
እሷ ምንም አትናገርም። ተራ የላትም። አድራሻም የላትም።
የደረሰውን ትውጣለች፤ ትንሽ ትሞቃለች፤ አትመልስም።»

መቶ ሃያ ኦም። ከዕቃ ግምጃ ቤት ስወስዳት ዋጋዋን አየሁ፤
ከአንድ ፍሬ ማስቲካ ታንሳለች። ፈረምኩ። እስከ ጥጉ ነዳሁ።
በራስ መብራቴ ግድግዳው እንደ ተሰበረ ብርጭቆ ሲያበራ፣
እጄ እየተንቀጠቀጠ አሰርኳት፤ ሁለት ብሎን፣ የደቂቃ ሥራ።

ጆስሊን በሬዲዮ፦ «ስድስተኛው አለ። አራተኛውም። ሁሉም።»
ቀበቶው ተነሣ። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። አልቆመም።

የምሳ ክፍሉ ስገባ ዱዌይን ድምፁን ዝቅ አደረገ፤
«መቶ ሃያ ሰው ነው አሉ» አለኝ፤ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።
ከማክታጋርት ወንበር በቀር ባዶ ቦታ አልነበረም።
ተቀመጥኩ። ሳንድዊቼን ፈታሁ።
ሦስት ሰው አፌን ያያል።

«እህ» አልኩ።

ጆሮዬ ትንሽ ሞቀኝ።