የግራ ጫማ

ብርዱ ዘንድሮ ቀረ፤ መንገድ ላይ ጠፋ መሰለኝ፤
ጥር ተጋምሶ እንኳ ካፖርቴ ሙቀት ሆነብኝ።
ፍሪስላንድ፣ ጠፍጣፋው አገር፣ በጭጋግ ተጠቅልሎ፣
ቦዩ እንደ ሻይ ለብ ብሎ፣ ዳክዬ በላዩ አዝሎ።

ዎቤ ጎረቤቴ ግን ዛሬም በረዶ ይጠብቃል፤
ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱ ይንቋቋል።
የበረዶ መንሸራተቻ ጫማውን ስለቱን በታኅሣሥ ስሎ፣
በመሣሪያ ቤቱ ግድግዳ፣ በሚስማር ላይ ሰቅሎ፣
በየማለዳው በትር ይዞ ይወርዳል ወደ ቦዩ፤
ውሃውን ይነካካዋል። ክብ ክብ ይሠራል ላዩ።
«ነገ» ይላል። ነገ ዝናብ፤ ከነገ ወዲያ ጭጋግ፤
ራዲዮኑም የሚያወራው የስምንት ዲግሪ ወግ።

ጓሮው ግን አልጠበቀውም።
ከአጥሩ ሥር፣ በረገፈው የዛፍ ቅጠል መሀከል፣
ነጭ አበባ ብቅ ብሏል፣ የጣት ጥፍር የሚያክል፤
ቁጥቋጦው ቢጫ ዘለላውን እንደ ጉትቻ አንጠልጥሎ
ዱቄቱን ይበትናል፣ ለንፋስ ስጦታ ብሎ።
ቀይ ደረቷ ወፍ በአካፋው እጀታ ላይ ተቀምጣ
ትጠብቃለች፦ ማን ቆፍሮ፣ ማን ትሏን ለእሷ ያውጣ?
ጥቁሩ ወፍ፣ ብርቱካን ምንቃሩን ወደ ሰማይ አቅንቶ፣
ቴሌቪዥን አንቴናው ላይ፣ ገና በጨለማ ወጥቶ፣
ይዘፍናል፤ ዝም ይላል፤ የራሱን ዜማ ያርማል፤
እንደገና፣ ከመጀመሪያው ሳይሆን፣ ከመሀሉ ያነሣዋል።

ሂልቼ፣ የዎቤ ሚስት፣ በሕይወት ሳለች ይህን ትጽፍ ነበር፤
ሰማያዊ ደብተር ነበራት፣ ከዳቦው ሣጥን ሥር።
«ጥቁሩ ወፍ፣ የመጀመሪያ ዜማ፦ መጋቢት አራት።»
«የካቲት ሃያ ስምንት።» «የካቲት አሥራ አራት።»
ዓመት ባለፈ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይሸሻል፤
ገጹን ገለጥ ገለጥ ሲያደርጉት፣ ፀደይ ደረጃ ሲወርድ ይታያል።
የመጨረሻው በእሷ እጅ «ጥር ሃያ ሁለት» ይላል፤
ፊደሉ ተንቀጥቅጧል፤ ሥሩ ግን ተሠምሮበታል።
ከዚያ ወዲህ የዎቤ ነው፤ እንደ አናጢ ምልክት፣ ወፍራም፦
«ጥር አምስት። ዘፈነ። በረዶ? እስካሁን የለም።»

ትናንት ቢጫ ሆዷ ወፍ የጎጆ ሣጥኑን ልታይ መጣች፤
በቀዳዳው ጭንቅላቷን ሰደደች፣ አወጣች።
ዎቤ በመስኮቱ ውስጥ፣ ማንኪያውን በእጁ እንደያዘ፣
«አይሆንም» አላት፤ ሾርባው በሳህኑ ቀዘቀዘ።
«አባ ጨጓሬ እስኪመጣ ገና ሦስት ወር አለ፤
ጫጩቶችሽ ምን ይበላሉ? ጥር እኮ ስንቱን አታለለ!»
እሷ ግን ጎኑን ለካች፣ እንደ ቤት ፈላጊ ተከራይ፤
በማታውም ተመለሰች፣ ባሏን ይዛ፣ ቤቱን ልታሳይ።

ከዚያ በየካቲት አጋማሽ፣ ማንም ሳያስበው፣
ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ዞረ። ሌሊቱን ብርድ ቆረጠው።
አንድ ቀን፤ ሁለት፤ ሦስት፤ ቦዩ ላይ መስተዋት ተነጠፈ፤
በአምስተኛው፣ በትሩ ሲመታው፣ ድምፁ ከበደ፣ ገዘፈ።
ገና ጎሕ ሳይቀድ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ ሲብረን፣
ደጁን በጡጫ መታ፦ «ዎቤ! ውሃው ድንጋይ ሆኗል! ና፣ ቅደመን!»

ዎቤ መሣሪያ ቤቱ ገባ። ቆየ። እኔም አጥሩን ተደግፌ
ጠበቅሁት፣ ትንፋሼን በመዳፌ አቅፌ።
ወጣ። በእጁ አንድ ጫማ፤ የቀኙ፤ ማሠሪያው ተንጠልጥሎ።
ጣቱን አፉ ላይ አኖረ፤ «እሽሽ» አለን፣ ጎንበስ ብሎ።

በተሰበረው መስኮት ገብተው፣ ቆዳው ሙቀት ባቆየበት፣
ቡናማ ትንንሽ ወፎች፣ ሎሚ የሚያካክሉ፣ ሰባት፣
በግራው ጫማ ተደራርበው፣ ራሳቸው ወደ ጨለማ ጠልቆ፣
ጅራት ብቻ፣ እንደ ክብሪት፣ ከጫማው አፍ አጮልቆ።

ሲብረን «ቀስቅሳቸዋ!» አለ። ዎቤ መልስ አልሰጠውም።
ቀኙን መልሶ ሰቀለው፤ በሩን ገጥሞ አልዘጋውም።
ሰዉ ወደ ቦዩ ሲጎርፍ፣ ሳቅና ጩኸቱ ሲርቅ፣
ኩሽና ገብቶ እርሳሱን ቀረጸው እስኪረቅ።
«የካቲት አሥራ ስምንት። በረዶ፤ ያውም በውነት።
በግራው ጫማ ሰባት እንግዳ።» ቆም አለ፤ አሰበ ጥቂት፤
ሌላ መስመር ጀመረና፣ «ሂልቼ» ብሎ፣ ተወው ያንን፤
አንቴናው ላይ ጥቁሩ ወፍ ከመሀል አነሣ ቃሉን።

ፀሐይ ስትወጣ ስድስቱ ወጡ፤ ቆጠርናቸው።
ሰባተኛዋ ትንሽ ዘገየች።