ምንን ከምን?

ማክሰኞና ሐሙስ፣ ፈረቃው ሲለቀቅ፣
ከስፌት ፋብሪካው ሰው እንደ ጎርፍ ሲዘልቅ፣
ሐረጎን ወርጄ ከደሴ እመጣለሁ፣
ኮምቦልቻ መጋዘን ጥግ ጠመኔ አነሣለሁ።
ሰሌዳዬ በር ነው፣ ከማጠፊያው የወለቀ፣
እጀታው እንዳለ፣ ቀለሙ የለቀቀ።

"ዛሬ፣" አልኩ፣ "ፕሪፈርን እንማር በወጉ።
ከኋላው ዛን አይሆንም፤ ቱን ብቻ አስጠጉ።
ደግሞም ልብ በሉ ማን ቀድሞ እንደሚቆም፦
እኛ 'ከዝናብ ፀሐይ' ስንል የማንሻው ነው የሚቀድም።
እነሱ የወደዱትን ይጠሩና በፊት፣
የተዉትን ከኋላ ይጭኑታል፣ እንደ ዕቃ ጭነት።"

ሙሂዲን ተነሣ፣ ሸሚዝ የሚተኩሰው፣
የእንፋሎቱ ላብ ገና ያልለቀቀው፤
"ደሴ ቱ ኮምቦልቻ!" አለ። "ብርዱ ይሻላል።"
"ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?" ክፍሉ ይንጫጫል።

ሉባባን ጠየቅኋት፣ ቁልፍ ተካይዋን፣
ከኋላ ወንበር ላይ ስትደብቅ ፊቷን፦
"ሻይ ይሻልሻል ወይስ ወተት?"
"የተገኘውን፣" አለች፣ በለሆሳስ፣ ባንገት።
ጠበቅኋት። ደገምኩት። ያው "የተገኘውን" ነው።
ለዚህ መልስ እኔ ያለኝ ሰዋስው ባዶ ነው።

ማታ፣ በመጨረሻው ሚኒባስ፣ ሐረጎ ላይ፣
ደብተር አርም ነበር፣ ስልኬን አብርቼ፣ ጉልበቴ ላይ።
ጉሙ ከመንገዱ ግማሹን ወስዶት፣
ሾፌሩ በየመጠምዘዣው ጡሩምባ እየነፋበት።
ከሉባባ ገጽ ላይ አንድ መስመር አገኘሁ፣
ቃል በቃል፣ በእኛው ፊደል፣ ይኸው አሰፈርኩ፦
"ማይ ማዘር ፕሪፈርድ የስተርዴይ።" ነጥብ። አለቀ።
ቀዩ እስክሪብቶዬ ሳያቅማማ ወደቀ፦
"ምንን ከምን? ይህ ግስ ተሳቢ ይሻል።"
ገለጥኩና አለፍኩ። ስንት ደብተር ይጠብቃል።

ጦሳ ሥር ስንደርስ፣ የደሴ መብራት ሲበራ፣
ያ መስመር በራሱ ጊዜ በአማርኛ ተጣራ፦
እናቴን ትናንት ተሻላት።
ይሻላልን ስትፈልግ፣ የኪስ መዝገበ ቃላት
ፕሪፈርን ነበር የሰጣት።
"እናቴ ሆስፒታል ናት" ብላኝ ነበር፣ አንድ ቀን ስትቀር፤
መቅረቷን መዘገብኩ፤ ምክንያቷን ግን አልነበር።
ቀይ ቀለም በምራቅ አይለቅም። ሞከርኩት።
ወረቀቱ ሳሳ። ተውኩት።

ሐሙስ ደብተሯን ሰጠሁ፣ ይቅርታው አፌ ላይ ቀርቶ።
ማክሰኞ መለሰችው፤ መልሱ ከቀዩ ሥር ገብቶ፦
"ሆም ቱ ሆስፒታል።"
ቱ በቦታዋ ናት። የተወደደው ቀድሟል።
"አውጡኝ አለች፣" አለችኝ። "ቤቴ ነው የሚሻለኝ።
ሰኞ ገበያ ወሰድናት። ሐኪሙም ዝም አለኝ።"
"ተሻላት?" ልል ነበር።
ቃሉን ፈራሁት።

ያን ዕለት ተራው የራዘር ነበር፣ የምኞት።
"አይድ ራዘር ሺ ስቴይድ"፦ ብትቆይ ይሻለኛል ለማለት
ምኞቱ የአሁን ሆኖ ግሱ ኃላፊ ይሆናል።
"ለምን?" አለ ሙሂዲን። "ያልሆነ ነገር እንዴት ያልፋል?"
መጽሐፌን አገላበጥኩ።
ሕጉን ጽፏል፤ ምክንያቱን አላገኘሁ።
ሉባባ ከኋላ፣ እጇን ሳታወጣ፦
"በእኛም አለ እኮ፣ ቲቸር።
ብትቆይ ይሻል ነበር።
ነበር።"

ሙሂዲን እንኳ አልሳቀ።
ከውጭ የጭነት መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ጮኸ፣
ከዚያ እሱም አቆመ።

ማታ አብረን ወጣን፣ በዚያው ሚኒባስ።
ረዳቱ በሩን ይዞ፣ "ቶሎ በሉ! ከፊት ነው ከኋላ?" ሲል፣
"የተገኘውን" ትላለች ብዬ ጠበቅሁ።
"መስኮት ጋ፣" አለች። "በቀኝ በኩል።
ከዚያ ወገን ደሴ ቀድሞ ይታያል።"