ስሙ ከተጠራ

ጥር ነው። ዊኒፔግ በበረዶ ታጥሯል፤
የጋሽ ሸዋንግዛው ክንድ ጥቁር ደም ቋጥሯል።
«ወድቀው ነው?» ትላለች ሐኪሟ ቀስ ብላ፣
የደም ውጤቱን ወረቀት በእጇ አንጠልጥላ።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፣ በሰዓት የምከፈል፣
አንድን ሕመም ወስጄ ለሁለት ቋንቋ የምከፍል።
«አልወደቅሁም በላት።» አልኳት። «ድድስ ይደማል?»
«ጥርስ ስፍቅ ብቻ።» አልኳት። ብዕሯ ይሰማል።
«የደም ማቅጠኛውን በልክ ነው የሚወስዱ?
ሌላስ የሚጠጡት አለ፣ ከአገር ቤት ከልማዱ?»

ዝም።
ማሞቂያው ብቻ ከግድግዳው ሥር ያጉረመርማል።

ከዚያ ወደ ጆሮዬ፣ በአማርኛ ሹክሹክታ፦
«ሥር አለችኝ፣ ትንሽ ናት። ለሆዴ ነው፣ ማታ ማታ።
ማክሰኞና ሐሙስ፣ በጥፍሬ ልክ ፍቄ፣
በማር እውጣታለሁ፣ እስክትርስ ጠብቄ።
ሳሉንም ትይዝልኛለች። ስሟን ግን አትጠይቀኝ፤
መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይሽራል፣ እወቅልኝ።»

ሥራዬ ደንብ አለው፦ አትጨምር፣ አትቀንስ፣
ምስጢርም ቢሆን ስድብ፣ ለሰሚው እስኪደርስ።
ነገርኳት። «ሥር አለ። ስሙን አይናገሩም።»
«ስንት ግራም?» አለች።
ጥፍር በግራም አይሰፈርም።

ከሳርጀንት ጎዳና ማዶ፣ ከፋርማሲው፣ ማሪሴል ተጠራች፤
አልሳቀችም፤ ወንበር ስባ ከጎናቸው ሠፈረች።
«ማኒላ ሳለን፣ እናቴም ከአልጋ ሥር፣ በቆርቆሮ፣ ሥር ነበራት።
እኔም ጠጥቻለሁ፤ መራራነቷን አልረሳኋት።
ሥር ሁሉ ክፉ ነው አልልም፤ ሆድ ያስታገሰ አውቃለሁ።
ግን ከክኒኑ ጋር አንድ ደም ውስጥ ሲገናኙ፣ እፈራለሁ፤
ማን ማንን እንደሚገፋ፣ ስሙን ሳላውቅ አላውቅም።
አሁን ደምዎ ቀጥኗል። ምላጭ ቢስትዎ አይቆምም።»

ተረጎምኩ። ጋሽ ሸዋንግዛው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ።
የጫማቸው በረዶ ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ኩሬ ሠራ።

«ሥር ማሹ አያ ደምሰው» አሉ፣ «ሲሰጠኝ ያኔ፣
ሦስት ነገር አስምሎኛል፤ አንዱን ዋጥሁት እኔ፦
ለነፍሰ ጡር እንዳትሰጥ። ስሟን እንዳታወጣ።
ሌላ መድኃኒት በሆድህ ሳለ፣ እንዳትጠጣ።»

ይህን ስተረጉም ሐኪሟ ብዕሯን አኖረች፤
«እኔ የምለውን ቀድሞኝ ብሏል» አለች።

ከካፖርቱ ኪስ ፌስታል ወጣ፣ በሦስት ቋጠሮ፤
ሥሯ ቀጭን፣ ጠማማ፣ የደረቀች እግረ ዶሮ።
ማሪሴል አሸተተቻት፤ ሚዛን ላይ አኖረቻት።
ዐሥራ አንድ ግራም።
ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ፣ ዐሥራ አንድ ግራም ሆና አገኘኋት።

«ደሙ እስኪስተካከል ይተዋት፤ ሆድዎን በሌላ እናየዋለን።
ዓርብ ይመለሱ፤ ደምዎን እንደገና እንለካዋለን።»

ጎንበስ አሉ። ስሟን ነገሩኝ፣ እንደ ንስሐ፣ በግማሽ ትንፋሽ።
በእንግሊዝኛ ስም የላትም፤ ፊደል በፊደል አስቆጠርኩ፣
ማሪሴልም ጻፈች፣ ሁለቴ እየሰረዘች።

«ታዲያ ሻረች?» አሉኝ በሩ ላይ፣ ጓንታቸውን ሲያጠልቁ።
ለማንም አልተረጎምኩትም።
ዓርብም አልፎ፣ የክንዳቸው ጥቁር ወደ ቢጫ እስኪያልፍ፣
እኔም ስሟን እዚህ አልጽፍ።