ቆሽትና እንግዴ ልጅ

ደመወዜ በደቂቃ፣ መሣሪያዬ ጆሮ፣
ሬጃይና፣ ምድር ቤት፣ በረዶው መስኮቱን ቀብሮ።
ደንቡ እንዲህ ይላል፦ «እሷ አለች» አትበል፤
«እኔ» ስትል «እኔ» በል፣
ውሃውን አሳልፍ፣ እንደ ቧንቧ ዝም በል።

ስለዚህ የሃምሳ ሁለት ዓመት ወንድ፣ ጺሜ እንደ ጥጥ የነጣ፣
«እርጉዝ ነኝ፣ ሃያ ስድስት ሳምንቴ» አልኩ፤ ድምፄ ሳይዛነፍ ወጣ።

ከብሩክስ ናት፣ ከሥጋ ፋብሪካው ከተማ።
ነርሷ «ዜርቱን» ስትላት ዘርትሁን ትሆናለች ብዬ ስሰማ፣
«ያ የጠጣሽው» አለች፣ «ብርቱካንማ
ጣፋጭ ውሃ ከደምሽ አልወጣ አለ በሰዓቱ፤
ቆሽትሽ ቢለፋ ቢለፋ አልደረሰም ጉልበቱ።»

«ቆሽት» ብዬ አሳለፍኩ። ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች፤
«ቆሽቴ ማረሩንማ ካወቅሁ ቆየሁ» አለች፤
«የሌሊት ፈረቃ፣ የቢላው ስለት፣ የአለቃዬ ጩኸት፣
ለማረር ለማረርማ ምን ጎደለው ቆሽት!»

ይህን እንዴት ልበል? በእንግሊዝኛ ቆሽት አይናደድም፤
«እየቀለደች ነው» እንዳልል፣ ደንቡ አይፈቅድም።
«ቆሽቴ ከተቃጠለ ቆይቷል» አልኩ። ነርሷ ደነገጠች፤
«መቼ? የቱ ጋ ነው?» እያለች መጻፍ ጀመረች።

ሳቁ ሲያልፍ ድምፅዋ ወረደ።
«ጣፋጭ አልወድ፤ ሻይ እንኳ አላውቅም በስኳር ጠጥቼ፤
ምን በደልኩት ልጄን?»
አልኩኝ እኔ፣ ከእሷ ሰምቼ።
«ጥፋትሽ አይደለም፤ እንግዴ ልጁ ነው፣
ለፅንሱ እንዲተርፍ ብሎ ኢንሱሊንሽን የሚያደክመው።»

እንግዴ ልጅ። አፌ ላይ ቆመ ቃሉ።
ከልጅ ጋር መጥቶ፣ ከልጅ ኋላ የሚሄድ፣
ስም የማይወጣለት፣ ክርስትና የማይነሣ፣
ለእንግድነቱ ሲል ቤቱን የሚያምሰው ሁሉ።

በሦስት ሳምንት፣ በዕጣ፣ እንደገና ደረሰችኝ።
ቁጥሮቿን ከደብተሯ አነበበችልኝ፦
በባዶ ሆድ ስድስት ነጥብ አንድ፤ ከምሳ በኋላ ዘጠኝ።
በዕረፍት ሰዓት፣ ጓንቷን አውልቃ፣ ጣቷን ስትወጋት፣
«ቢላ የማረውን ጣቴን መርፌ ጨረሰው» አለች። እንዳለች አልኩት።
«ኢንሱሊን ትጀምሪያለሽ» አለች ነርሷ። «ስኳርሽ ወደ ልጁ ያልፋል፣ ኢንሱሊንሽ ግን አያልፍም፤
የራሱን ቆሽት ያሠራል፤ ቀን ሌት አያርፍም፤
ስለዚህ ይገዝፋል።»
«አባቱን ነው» አለች፣ «እሱም ፈረቃ ያበዛል።»

የካቲት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀምጠውታል።
«ትከሻው ተያዘ» ይላል አንድ ድምፅ፤ የብረት ኮሽታ ይሰማል።
«ግፊ!» እላለሁ በአማርኛ፤
«አልችልም!» እላለሁ በእንግሊዝኛ።
«ግፊ!» «አልችልም!» «ግፊ!»
ሚስቴ ከላይ በደረጃው ወረደች፣ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳታደርግ፤
የጮኽኩት እኔ መስያት።

አራት ኪሎ ከስድስት መቶ። አለቀሰ።

ስልኩን የዘጋ የለም። አዋላጇ ተረከዙን ወጋችና፣
«አንድ ነጥብ ስምንት» አለች። «የልጁ ስኳር ወርዷል።»
«የእኔ አልወርድ ብሎ አልነበር እንዴ!»
«እትብቱ ሲቆረጥ ያንቺ ስኳር ቀረበት፤
ቆሽቱ ግን ወሬው አልደረሰውም፤ እንደለመደው ይሠራል።»
የስኳር ቅባት በጣቷ ይዛ ጉንጩን ከውስጥ ስታሽለት፣
ዘርትሁን፣ ለማንም ሳይሆን፣
«ሦስት ወር ሙሉ የሸሸሁትን
ዛሬ በመጀመሪያ ጉርሻነት።»
ተረጎምኩ። ማንም አልመለሰም።
ጡት ያዘ። ጠበቅን። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ።

እዚህ ላይ ቧንቧው ፈሰሰ።
ማንም ሳይናገር ተናገርኩ፦ «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»
«ማርያም ታኑርህ» አለች፣ ለቅሶ ባለበት ድምፅ።
ነርሷ «ምን አለች? ማን ነው የተናገረው?» አለችኝ።
ደንቡ ለዚህም ቃል አለው፤ እሱኑ አልኩ፦
«የተናገረው አስተርጓሚው ነው።»
በዚያ ሌሊት ሁሉንም «እኔ» ብዬ፣
ራሴ ጋ ስደርስ ብቻ «እሱ» አልኩ።