ማሳ

ጋሼ ቢያድግልኝ ያን ነጭ ሱባሩ
አፉላ ጋራዥ ደጅ፣ ከነፕላስተሩ፣
(ፕላስተር የለጠፈው ዳሽቦርዱ ላይ ነው፣
ቢጫዋ መብራት ላይ፤ ዓይኗን ሊከድነው)
አቁሞ ወረደ። «ሦስት ወር ሆናት» አለ፣ «በርታ አልጠፋም ካለች።
ትርንጎ ናት እንጂ ‹ታየኛለች› ያለች፤
እኔን ምን ቸገረኝ፣ ፍሬኑ ይይዛል፤
ለሽማግሌማ መኪናም ይታዘዛል።»

ይይዛል፤ አልዋሸም። ግን ጥቅምት እያለቀ ነው፤
ደመናው ከታቦር ተራራ ጀርባ ነው።
ስድስት ወር ሙሉ ዘይት የጠጣ መንገድ
የፊተኛው ካፊያ ሲነካው ነው ጉድ፤
ጎማው ተቆልፎ፣ መሪው ባዳ ሆኖ፣
ሰው ቁልቁል ይሄዳል ፍሬኑን ተማምኖ።
እሱ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ጥብርያ ነው የሚወርደው፣
የትርንጎን ጉልበት ፍል ውሃ ሊነክረው፤
ከባሕር ወለል በታች፣ ቁልቁለቱ አያልቅም፤
ጆሮ ይደፈናል፣ እግር ፍሬን አይለቅም።

ግሪሻ ኮምፒውተሩን ሰካና አነበበ፤
«ፓምፑ ሞቷል» አለ። ዋጋውን አሰበ፤
አራት ሺህ ሼቀል። ግብር ሳይጨመር።
ጋሼ ቆቡን አነሣ፣ መልሶ ደፋው፣ ምንም ሳይናገር።

እኔም አነበብሁት። «የፓምፑ መስመር» ነው ያለው፤ «ፓምፑ» አላለም፤
መንገድ ተበላሸ ማለት፣ አገር ሞተ አይደለም።
አራቱንም ጎማ አንሥቼ፣ ሴንሰሩን በተራ ለካሁ፤
ደህና ናቸው። ፊውዙን አወጣሁ፤
አልተቃጠለም። መልሼ ሰካሁ።
ከዚያ ከባትሪው ሁለት ሽቦ ሳብ፣
ፓምፑን ነካ ሳደርግ፣ ጮኸ! እንደ ተቆጣ ንብ።
ሞቷል የተባለው! ጋሼ ደነገጠ፤
«ነፍስ አለው?» አለና ጎንበስ ብሎ አደመጠ።

ነፍስማ አለው።
ባትሪውን አወረድሁት። ከሥሩ፣ ከጨለማው፣
አንድ ጥቁር ሽቦ፣ ብሎን ያሰረው፣
አረንጓዴ ሻግቶ፣ ጫፉ ተበልቶ፣
ከብረቱ ጋር ያለ፣ ከብረቱ ተለይቶ።

«ማሳው ነው» አልሁት።
ጎንደር ጋራዥ ሳለሁ ጌታዬ የሚለው ነው፣
ጣልያን ከመፍቻው ጋር ጥሎት የሄደ ቃል ነው፤
ኃይሉ ዞሮ ዞሮ የሚገባበት መሬቱ ነው።
ጋሼ ግን የሰማው ሌላውን ማሳ ነው።
«ማሳ?» አለ፣ ሳቀ። «መች ነበረን ልጄ?
ማረሻውን ነበር የቀጠቀጥሁት በእጄ፤
አራሹ ሌላ ነው።»

ምን እላለሁ። ብሎኑን በብርጭቆ ወረቀት
አሸሁት፣ አሸሁት፣ እስኪወጣ ብረት፤
ቅባት ቀብቼ አጠበቅሁት።
ስልሳ ሼቀል። ግሪሻ ቅር አለው፤
ፊቱን አዙሮ ሲጋራ ለኮሰው።

አብረን ነዳን፣ እስከ እህል ጎተራው።
ሃያ ላይ ስንደርስ ከእግራችን ሥር አጉረመረመ፤
ራሱን ፈትኖ፣ አንዴ፣ ደግሞ ዝም አለ፤ ታረመ።
ፕላስተሩን ላጥሁት። ቢጫዋ የለችም፤
ከሥሯ የቀረው ሙጫና አቧራ ነው፣ ሌላ የለም።
ጋሼ ፕላስተሩን ከጣቴ ተቀብሎ
ሸሚዙ ኪስ ከተተው፣ በጥንቃቄ አጥፎ፤
«ለሌላ ቀን» አለ።