የጆሮ ልክ

ሻንጣ ሙሉ ጆሮ ጭኜ ከፒሬየስ፣
ስምንት ሰዓት ነዳሁ ተራራው ጫፍ ድረስ።
ኤፒረስ ይሉታል፣ ካርታው ላይ ቡናማ፣
ከሰው ድንጋይ በዝቶ፣ ከድንጋይ ጨለማ።

ሥራዬ መለካት ነው። ፊሽካ በሽቦ እልካለሁ፣
ሽማግሌው ጣት ሲያነሣ ነጥብ አኖራለሁ፣
ሳያነሣ ሲቀር፣ ያጣውን አሰምራለሁ።

የባላገር ዜማ? አውቀው የለም ወይ፣
እሑድ አክስቴ ቤት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፤
ነጭ ቀሚስ ለብሰው ወንዶች ሲደረደሩ፣
ከጫማቸው አፍንጫ ጥጥ አንጠልጥለው ሲዞሩ፣
ክሪሳንቲ ዓይኗን በናፕኪን ስታብስ፣
እኔ ጣቢያ ቀይሬ ወደ ኳስ ስመለስ።

ስቴርጊዮስ ይባላል፣ ሰማንያ አንድ ዓመቱ፣
ክላርኔት ነፊ ነው፣ እሱም እንደ አባቱ።
ጓዳው ውስጥ ተቀምጦ ጆሮውን ሰጠኝ፣
ጣቱን ግን አላነሣ፤ ይልቅ ገሠጸኝ፦
«ይቺ የምትልኪያት ፊሽካ፣ የኔ ልጅ፣
ሰው ኖሮባት የማያውቅ ባዶ ቤት ናት እንጂ
ድምፅ አይደለችም። ድምፅ ጎረቤት አለው፤
ከላይኛው ቤት ወጥቶ፣ ከታችኛው ሊያድር የሚንሸራተተው።»
የሰካሁለትን ከጆሮው ነቅሎ፣
ከወይራ ፍሬው ጋር ሳህን ላይ ቀላቅሎ፣
«ክላርኔቴን ቆርቆሮ አደረግሽብኝ» አለ።
ጻፍኩ፦ አልተቀበለ።

ነሐሴ ነው። ማታው የማርያም በዓል፤
ከሽቱትጋርት፣ ከሜልቦርን የመጣው ሳይቀር ተሰብስቧል።
ከትልቁ ዛፍ ሥር ጥብስ፣ ጠርሙስ፣ የፕላስቲክ ወንበር፤
ጭፈራ ነው ብዬ የጫማዬን ክር ሳስር፣
ማንም አልተነሣም።
ስቴርጊዮስ ብቻ ቆመና አንድ ድምፅ ነፋ፤
ከገደል አፋፍ ወርዶ፣ ተንገዳግዶ ሲጠፋ፣
ሌላው ተከተለው፣ እሱም እየወረደ፤
ቫዮሊኑ ከሥር አንዲቷን ይዞ የትም አልሄደ።
ሙሾ ነው። በበዓል ቀን፣ በጥብሱ ፊት፣ ሙሾ።
ያጠገቤን ሴትዮ ክርኗን ነክቼ፣
«ማን ሞተ?» አልኳት፣ ድምፄን አጥፍቼ።
«ሁሉም» አለች፣ ዳቦ እየቆረሰች።
«እነሱ ቀድመው ካልተቀመጡማ፣
ማን ደፍሮ ይጨፍራል ከነሱ በፊት?»
ወንበሬን ትንሽ ፈቀቅ አደረግኩት፣
ለማን እንደሆነ ሳላውቅ።

ከዚያ ከበሮው መጣ፤ ክቡ ቀስ ብሎ ዞረ፣
አንዱ ሃያ ዩሮ በሽማግሌው ግንባር ላይ በላብ አስቀረ።

እኩለ ሌሊት ላይ፣ ላምብሪኒ፣ የልጁ ልጅ፣
ጥቁር ሳጥን ከእግሯ ሥር፣ ክላርኔት በእጅ፣
ነፋች፣ ረገጠች፤ ሳጥኑ ድምፁን ዋጠ፣
መልሶ እየተፋ ባንዱ ላይ ሌላ አስቀመጠ፤
እሷ ከአፏ አውርዳ ውሃ ስትጠጣ፣
ትንፋሿ ብቻውን አደባባይ ወጣ።
አንድ ሽማግሌ «ይህ የፍሪጅ ጩኸት ነው» ብሎ፣
ኮቱን አንሥቶ ሄደ፣ ሒሳቡን ለልጁ ጥሎ፤
ወጣቶቹ ግን በዚያው በአሮጌው እርምጃ፣
ሁለት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፣ ትከሻ ለትከሻ።

ስቴርጊዮስ ወንበሩን ድምፅ ማጉያው ሥር ጎትቶ፣
መዳፉን እንደ ቅጠል ከጆሮው ላይ ዘርግቶ፣
ቆየ።
ቆየና በሰው መሐል እኔን ፈለገ።
«ያቺን ነገርሽን አምጪያት። ለኔ አይደለም፤
ልጅቷ ከላይ ሄዳለች፣ ከቀጭኑ ሰፈር፣
እዚያ እኔ ቤት የለኝም። የት እንደምታድር ልወቅ።»

በስልኬ መብራት፣ ጣቴ እየተንቀጠቀጠ፣ ሰካሁለት።
ምንም አላለም።
ጣቱን አነሣ።
ጥቂት ቆይቶ፣ እንደገና።
ከዚያ ቶሎ ቶሎ።

ፒሬየስ ተመልሼ፣ ቢሮውን ዘግቼ፣
የራሴን ጆሮ ለካሁ፣ ከወንበሩ ገብቼ።
ወረቀቱ ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ፤ ፍጹም ጤነኛ፣ ይላል።
ሠላሳ አራት ዓመት ምን ስትሰሚ ኖርሽ፣ አይልም።

ክሪሳንቲ ጋ ደወልኩ፣ በማክሰኞ ምሽት።
«አክስቴ፣ ያ የእሑዱ ዜማ፣ ያ አንቺን የሚያስለቅስሽ...»
ዝም አለች፣ ረጅም።
ድስቷ ሲንተከተክ በስልኩ ይሰማኛል።
ከዚያ በፍርሃት፣
«ልጄ፣ ማን ሞተ?»