ጳጉሜን ስድስት

ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ የችሎቱን መስኮት ሲልስ፣
እኔ መዝገብ ቤት ነበርኩ፣ የዶሴ አቧራ ሳብስ።
አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፍርዳቸውን የገለበጠ እጄ፣
ክሳቸውን ሊገለብጥ፣ ወረቀቱ መጣ ደጄ።

«አበጋዝ ይማም፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ፣
መንግሥት ሊገለብጥ ያሴረ፣ የጠላት መልእክተኛ...»
ዓቃቤ ሕጉ ያነባል፤ ሐረጎን እንደሚወርድ መኪና
በየኩርባው ጥሩምባ ነው፣ ፍሬን የሚባል የለውምና።

ዳኛው ቆመዋል፣ ከተከሳሽ ሳጥን። ያው ቡናማ ካፖርታቸው።
ወለል አይደለም፣ ሰው አይደለም፣ ጣሪያው ላይ ነው ዓይናቸው፤
ያፈሳል ከሰኔ ጀምሮ፣
ሦስቴ ጽፈውበት ነበር፣ አልሰማም የማንም ጆሮ።

ኤግዚቢት አንድ፦ ደብዳቤ።
ፊርማው የእሳቸውን ይመስላል፣
ብቻ የእሳቸው ጫፉ ላይ ይዝላል፣
ይኸኛው እስከ ጭራው ድረስ እንደ ዘበኛ ተገትሮ ይውላል።
ቀኑን አየሁት።
ጳጉሜን ስድስት፤ ዓመቱ ዘመነ ማርቆስ።
በጣቴ ቆጠርኩ፣ ደገምኩ፤ ስድስተኛዋን የሚያድል ሉቃስ።

ያ ቀን በደሴ አልነጋም፣ አልነጋም ኮምቦልቻ ወርዶ፣
ሰኞ ገበያ አልዋለም ማንም በጉን ነግዶ፣
ሕፃን አልተወለደበት፣ ሬሳ አልወጣበት ከቤት፤
ይኸው ግን ሦስት ምስክር፣ «አየናቸው» ያሉበት።
«ዝናብ ነበር» አለ ሽበሺ፣ «ቧንቧ ውሃ፣ ወደ ማታ፤
ከአንድ ባለ ጥቁር ጃንጥላ ሲቀበሉ አየሁ ፖስታ።»
ማለ።
ቃሉን ጻፍኩት፣ እንዳለ።

ለዕረፍት ሲነሱ፣ ዓቃቤ ሕጉ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣
«ስድስቷን አምስት አድርጊያት፤ የእጅ ስሕተት ናት» አለኝ፣ ብዕሩን አቀብሎ።

ጳጉሜን አምስት! ተረኛ ችሎት፤ የአንዲት ጊደር ክርክር ሰምተው፣
እስኪጨልም አብሬያቸው ነበርኩ፣ የቲታን ጎረቤታሞች አስማምተው።
በእኔው እጅ ተጽፎ አለ፤ ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ።

መናገር ነበረብኝ።
አልተናገርኩም። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የቤት ኪራይም አለብኝ።
ብቻ ስድስቷን አልነካኋትም።
«ግልባጩ ትክክል ነው» የሚለውን ማኅተም
ቀለሙን አጥግቤ መታሁባት።

ሰባት ዓመት ፈረዱባቸው።

ሉቃስ ዘመኑን ሲጨርስ፣ ስድስተኛዋ ቀን ስትነጋ፣
ዝናብ ነበር፣ እንደ ሽበሺ ቃል። ቆምኩ ከወህኒው አጥር ጋ።
ስንቁን ተቀበሉኝ። ቀና ብለው ሰማዩን አዩት፣
እንደዚያ እንደሚያፈሰው ጣሪያ።
«ቀኑ ስንት ነው?» አሉኝ።
ነገርኳቸው።
ሳቁ፣ ካፖርታቸው እስኪንቀጠቀጥ።
«ለካ ያሴርኩት ዛሬ ነዋ!»